ጊማን የለም

«ወኒንግ፣ አልሰማሽም? ፓክ ጊማን አርፈዋል እኮ!»

ወኒንግ ወደ አፏ ያቀረበችውን የተጠበሰ ሙዝ መልሳ ወረቀቱ ላይ አኖረችው። የጓደኛዋ የራትሪ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ባክሽ አትቀልጂ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ በራቸው ላይ ዶሮ ሲያባርሩ አይቻቸዋለሁ። ‹ሂጂ ወደዚያ!› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ወላሂ ሁሉም እያወራ ነው። የክበባቸው ሳይት ላይ ወጥቷል አሉ።»

በወኒንግ ስልክ ሳይቱን ከፈቱ። ፓክ ማለት እንደ «ጋሼ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ፓክ ጊማን ጋሜላን የሚባለውን የነሐስ ደወልና የከበሮ ሙዚቃ እዚህ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። አንድ ወር ሙሉ ሆስፒታል ተኝተው የወጡት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። በክበቡ ሳይት ላይ የአባላቱ ዝርዝር ሲከፈት ከሁሉም በላይ እንዲህ ይላል፦ «አሰልጣኝ፦ ጊማን የለም»።

ራትሪ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ አፏን ያዘች። «ጉዴ ፈላ! ይሄን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ነገሩ የመጣው ከቴምፕሌቱ ነው። ትምህርት ቤቱ መምህራንና ተማሪዎች በጋራ የሚሠሩበት የኢንተርኔት መድረክ ውስጥ ከገባ ወዲህ አሥራ ሁለቱ ክበቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሳይት እንዲኖራቸው ተወሰነ። የኮምፒውተር መምህርቷ እትዬ ኤንዳህ፣ በእነሱ አጠራር ቡ ኤንዳህ፣ ሥራውን ለወኒንግ ሰጧት። ወኒንግም አሥራ ሁለት ጊዜ ከመልፋት አንድ ጊዜ ማሰብ ይሻላል ብላ ቴምፕሌት፣ እየተገለበጠ የሚሠራበት አብነት፣ ሠራች። የፊት ገጹ፣ ማስታወቂያው፣ የቀን መቁጠሪያው፣ የፎቶው ቦታ፣ የአባላቱ ዝርዝር፣ ሁሉም ተሰናድቶ ይጠብቃል። የክበቡን ስም ጽፎ አንዴ መጫን ብቻ ነው፤ አዲስ ሳይት ዱብ ይላል። እጅግ ከመወደዱ የተነሳ ወኒንግና ራትሪ ሰኞ ዕለት ወረዳው ድረስ ሄደው ለሃያ ትምህርት ቤቶች ሊያሳዩት ነው። የወኒንግ እናት ሸሚዟን ከአሁኑ ተኩሰው ሰቅለውላታል።

ዝርዝሩ ላይ ግን ሁለት ሳጥን ነበር፤ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም»። ሁለቱም ቀይ ኮከብ አላቸው፤ ባዶ ከተተዉ አያሳልፉም። በዚያ አካባቢ ደግሞ ግማሹ ሰው ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። ወኒንግ ራሷ ወኒንግ ብቻ ናት። ስሞቹን ስትሞላ የነበረችው ራትሪ ግራ ቢገባት፣ «የቤተሰብ ስም ለሌላቸው ምን ልበል?» ብላ መልእክት ላከችላት። ወኒንግ ለመረብ ኳስ ክበቡ ቀለም በመምረጥ ተጠምዳ ነበር። «የለም በይ» ብላ መለሰች።

ራትሪ ታዛዥ ናት። አርባ ሦስት ሰው «የለም» ሆነ።

ረፋድ ላይ ቡ ኤንዳህ ሁለቱንም ቢሮ አስጠሯቸው። ሊቆጡ ይሞክራሉ፣ ሳቃቸው ግን ያመልጣቸዋል።

«የፓክ ጊማን የድሮ ተማሪዎች ከክላተን ከተማ ድረስ በሞተር ሳይክል ለለቅሶ መጡላችሁ! ሩዝ ይዘው፣ ስኳር ይዘው፣ ፊታቸውን አጥቁረው! በሩን ማን ቢከፍት ጥሩ ነው? ራሳቸው ፓክ ጊማን! አንዱማ ሊወድቅ ነበር አሉ። ‹እንግዲያው ሩዙን እንመልሰው› ቢሉ የፓክ ጊማን ባለቤት ‹ቤት የገባ ሩዝ አይወጣም› ብለው ሻይ አፈሉላቸው።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ገና ከሕመም የተነሡ ሰው ናቸው እኮ! ማነው ይህን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ቡ» አለች ራትሪ።

«እንግዲያው ሰኞ ወኒንግ ብቻዋን ትሄዳለች።»

ወኒንግ በኪሷ ያለውን ስልክ ዳሰሰች፤ አላወጣችውም።

ደጅ ሲወጡ የራትሪን እጅ ያዘች። «ለምን ስሜን አልጠራሽም? ‹የለም በይ› ያልኩሽ እኔ አይደለሁ?»

«ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንሂድ። ቴምፕሌቱ ያንቺ ነው። መልእክቱንም ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ፤ የለም!» ራትሪ በገዛ ቃሏ ሳቀች። «ሂጂ በቃ፣ አታካብጂ።»

ወኒንግ ኮምፒውተር ክፍል ገባች። ቴምፕሌቱን ከፍታ የቤተሰብ ስሙን ሳጥን አጠፋችው። ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ደስ አላት። የጋሜላኑን ሳይት ስትከፍት ግን ፓክ ጊማን አሁንም የሉም።

እናቷ ባቲክ በሚባለው ባለጌጥ ጨርቅ ላይ፣ ከመቀለሙ በፊት፣ ሰም የሚያትሙበት የመዳብ ማኅተም አላቸው። ከማኅተሙ አንዲት ሽቦ ከተጣመመች ጉድለቷ በየጨርቁ ላይ ይወጣል፤ ማኅተሙን ማቃናት ደግሞ የታተመውን ጨርቅ አያቃናውም። ቴምፕሌቱም እንደዚያው ሆነባት። የተስተካከለው ገና ለሚወለዱት ሳይቶች ነው። የተወለዱት አሥራ ሁለቱ በእጅ፣ አንድ በአንድ መታረም አለባቸው። ተቀመጠችና ጀመረች።

«ለሞተ ሰው ወንበር ይኖራል?»

ፓክ ጊማን ምርኩዛቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ወኒንግ ብድግ አለች። «ይቅር ይበሉኝ፣ ፓክ።»

«ኧረ ተይው ልጄ! የሦስት ወር ስኳር አገኘሁ። ማን ከልቡ እንደሚያዝንልኝም ዐወቅሁ። ይህን በቁሙ ያየ ስንት ሰው አለ?» ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ወኒንግ ወኒንግ?»

«እኔ ነኝ። የራሴን ራሴ ስሞላ አንድ ስም አልቀበልም ሲለኝ ደገምኩት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ፎርም የምሞላው እንደዚህ ነው።»

«ሁለት ጊዜ የሚጠራ ሰው እኮ የመጀመሪያውን ያልሰማ ነው» አሉና እየሳቁ ወደ ልምምዳቸው ሄዱ።

ወኒንግ አልሳቀችም። ቢሮ ውስጥ «ማነው?» ሲባል ቀድማ የመለሰችው ራትሪ ናት።

ከማዶ የነሐሱ ደወል ድምፅ ይመጣል። ቀይ ኮከቡን ከየሳይቱ አንስታ አርባ ሦስቱንም አርማ ስትጨርስ ወደ ራሷ ስም ተመለሰችና ሁለተኛውን «ወኒንግ» ሰረዘችው። ቀጥላ ስልኳን አወጣች። መልእክቱ ከራትሪ ስልክ ቢጠፋም እሷ ጋ አለ። ከፍታ እንደያዘችው ቢሮውን አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ ቡ ኤንዳህ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ቡ» አለች። «ወኒንግ።»