የአቶ ይገዙ ኦሪጅናል

አቶ ይገዙ የሞቱት ድምፅ በማያሳልፍ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቢጮሁም የሚሰማቸው አልነበረም። ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ያለው ቪዲዮ ቤታቸው ከፊት ሱቅ ነው። ከሱቁ በስተኋላ ግን መስኮት የሌላት፣ ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠች ጠባብ ክፍል አለች። ፊልም የሚገለበጠውም፣ በአማርኛ የሚተረከውም እዚያ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ግንቦት፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያው በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የተመቱበት ስታብላይዘር አጠገባቸው ወድቋል። ስንት ዓመት ቴሌቪዥኑን ከመብራት መዋዠቅ ያዳነ ብረት ባለቤቱን ገደለ።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ሰኞ ጠዋት ስትጠራ፣ ጣቢያው ገዳዩን ይዞ እጁን ታጥቦ ነበር።

«ጀዊሪያ ትባላለች፤ የሱቁ ሠራተኛ» አለ ሳጅን አጥናፉ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ሬሳውን አገኘሁ ብላ የጮኸችውም ራሷ ናት። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነው የቆየው። ቁልፍ ያላቸው ሟችና እሷ ብቻ ናቸው፤ የሟች ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል። ጠዋት ደግሞ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። በቃ፣ አለቀ።»

«በምን ተጨቃጨቁ?»

«ልጅ ላጥባ እያለች ቶሎ ቶሎ ትወጣለች ብለው ተቆጥተዋት ነው።»

«በዚህ ሰው የሚገደል ቢሆን ጉለሌ ውስጥ አንድ አሠሪ አይተርፍም ነበር» አለች ሐመልማል።

ከአጥሩ ውጭ ሕፃን ያለቅሳል። የጀዊሪያ እናት የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከንጋት ጀምሮ ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። ጥበቃው ሁለት ጊዜ አስገብቷቸው ልጁ ጠብቷል፤ ሦስተኛውን ግን አለቃ ይፍቀድ ብሏል። ኮማንደሩ ከክፍላቸው ብቅ አሉና ሰዓታቸውን አሳዩ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ እንጠይቅባታለን። ሌላ ሰው ካለሽ ከዚያ በፊት አምጪልኝ።»

ጀዊሪያ የሽርጧን ጫፍ እየጠመዘዘች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር አንገቷ ወደ ግንቡ ይዞራል።

«ከሱቅ መቼ ወጣሽ?»

«ስድስት ሰዓት። ቤት ሄጄ አጥብቼ ስምንት ላይ ተመለስኩ። ጓጉንቸሩ ተቆልፎ አገኘሁት፤ ጋሼ ምሳ ሄደው ነው ብዬ ከፈትኩ።»

«ወደ ኋላ ክፍል እነማን ይገባሉ?»

«ሁለት ሰዎች ናቸው። ሲላስ ዕቃ ሲበላሽ ይጠግናል፣ ግልባጭ ወስዶም ይሸጣል። ኢዩ ደግሞ ፊልም ይተርካል።»

ሳጅን አጥናፉ ጣልቃ ገባ። «የሚተርኩትማ አቶ ይገዙ ናቸው! ሽፋኑ ላይ ስማቸው አለ እኮ። እኛ ቤት ያለ እሳቸው ድምፅ ፊልም አይታይም።»

«ስሙ የሳቸው ነው፤ ድምፁ የኢዩ ነው» አለች ጀዊሪያ። «ጋሼማ ሳል ነበረባቸው።»

«ትናንት የተለየ ነገር ነበር?»

«ወንድማቸው ካሜሪካ በሰው እጅ አዲስ ኦሪጅናል የፊልም ዲስክ ላከላቸው። ከነላስቲኩ ስመው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ገና አልገለበጡትም ነበር።»

ሐመልማል ሳጅኑን ይዛ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄደች። በሩ ላይ ጓጉንቸሩን ተቀበለችው፤ በቀለበቶቹ አሳልፋ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ቀጭ አለ።

«ቁልፉ የት ነው ያለው ሳጅን?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ታዲያ እኔ በምን ቆለፍኩት?»

ሳጅን አጥናፉ ጓጉንቸሩን አየው። ጓጉንቸሩም እሱን አየው።

የኋላዋ ክፍል ሰው ስትቀበል አየሯን የምትነጥቅ ዓይነት ናት። በሩ ሲገጠም የመንገዱ ጩኸት ጠፋና ሐመልማል የገዛ ትንፋሿን ብቻ መስማት ጀመረች። አንድ ወንበር አለ፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለ አንድ ማይክሮፎን፤ የአንድ ሰው ክርን የላጠው ጠረጴዛ። የኮምፒውተሩ ጎን ተከፍቷል፣ አራት ብሎኖች ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን የለም። መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር አልተነካም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ኦሪጅናሎቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል፤ አዲሱ ብቻ ጠፍቷል።

«ብር ትቶ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው?» አለች፣ ከሳጅኑ መልስ ሳትጠብቅ።

ሲላስን ጳውሎስ በር፣ ታክሲ መያዣው ጋ አገኘችው። ጃኬቱ በሲዲ ተወጥሯል።

«ትናንት ከስድስት እስከ ስምንት የት ነበርክ?»

«ሸጎሌ። በግ ልገዛ ሄጄ።»

«ገዛህ?»

«ኧረ ተወደደብኝ!»

«ስንት አሉህ?»

«እ... ማለቴ... ወደ ሁለት መቶ ብር።»

«በሁለት መቶ ብር ሸጎሌ በጉን እንድትዳብሰውም አይፈቅዱልህ። ወንድሜ፣ ስትዋሽ እንኳ ገበያ ጠይቅ።»

ሲላስ አንገቱን አከከ። «ደንብ አስከባሪዎች ይዘውኝ ነበር፤ ከአምስት ተኩል እስከ ዘጠኝ። አንድ ሻንጣ ግልባጭ ወስደውብኝ ፈርሜ ነው የወጣሁት። ለፖሊስ ይኼ ይነገራል?»

ስልክ ደወለች። እውነት ነበር።

«አዲሱ ኦሪጅናል ጠፍቷል» አለችው። «ማን ይፈልገዋል?»

«ኦሪጅናል?» ሲላስ ሳቀ። «ማንም! አይከፈትም እኮ።»

«አይከፈትም ማለት?»

«ፈረንጆቹ ዓለምን እንደ ቦታ ሸንሽነውታል። አሜሪካ ቁጥር አንድ፣ አውሮፓና ዱባይ ሁለት፣ እኛ አምስት። የአንዱ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ አይሠራም። የእኛን ቁጥር ደግሞ እዚህ የሚያመጣልን የለም፤ ቢመጣም ዋጋው የእርስዎን የወር ደሞዝ ግማሽ ይበላል።»

«ደሞዜን ተወው። አቶ ይገዙ እንዴት ያዩት ነበር?»

«የሳቸውን ማጫወቻ ቁልፉን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉን ይከፍታል። በሩን ዘግተው ብቻቸውን ይገለብጣሉ፤ ግልባጩ ቁልፍ የለውም፣ የትም ይጫወታል። ሰፈሩ በሙሉ ያየው ግልባጭ ነው። ኦሪጅናል ማጫወቻው ውስጥ ከትቶ የሚያውቅ ሰው ከኔና ከሳቸው በቀር ያለ አይመስለኝም። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«ለኢዩም?»

«በተለይ ለኢዩ! ካወቀ የራሱን ይከፍታል ብለው ይፈሩ ነበር።»

ኢዩ በወይዘሮ ቡርቱካን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፤ አፉን ሲከፍት ግን ክፍሏ የምትሰፋ ይመስላል። ሐመልማል ስለ ትናንቱ ስትጠይቀው ዲስኩን ራሱ አምጥቶ ሰጣት።

«ስድስት ሰዓት ላይ ‹አይተኸው ና፤ ነገ ትተርከዋለህ› ብለው ሰጡኝ። እዚህ መጣሁና እስከ ስምንት ከሩብ አየሁት። ምስኪን ጋሼ፣ ያኔ ነው ለካ...»

ወይዘሮ ቡርቱካን ከበሩ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው ልጄ፤ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ነበር። ጆሮዬን ነው ያደነቆረው።»

«እሱን አዩት?»

«በሩ ዝግ ነው፤ እኔ ምን አግብቶኝ!»

ሐመልማል ሽፋኑን ገለበጠች። ጀርባው ላይ ትንሽ የምድር ሉል ተስላለች፤ መሐሏ ላይ 1 የሚል ቁጥር አለ።

«ምንድን ነው ታሪኩ?»

ኢዩ ተረከላት። ዳኛው ሚስቱን ምን እንዳላት፣ ሚስቱ ምን እንደመለሰች፣ ጠበቃው መጨረሻ ላይ ምን እንደተናገረ፣ ቃል በቃል።

«ሚስቱ ፍርድ ቤት ስትመጣ ምን ለብሳ ነበር?»

«ልብስ አላይም እኔ። የማየው አፍ ነው፤ ሙያዬ ነው።»

«ችሎቱስ? ሰፊ ነው ጠባብ?»

«እ... እንደ ማንኛውም ችሎት።»

ሐመልማል ማጫወቻውን አቧራ እንደምትጠርግ ሰው ወደ ራሷ አዞረችው። ጀርባው ላይም ያቺው ሉል አለች፤ ቁጥሯ 2 ነው።

«ጥሩ ዕቃ ነው። ከየት አገኘኸው?»

«ከዱባይ የመጣ ነው። ከኔ በቀር የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም።»

«ይኼን በማወቄ ደስ ብሎኛል» አለች።

ከሰባት ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል የጣቢያው ክፍል ሞልቷል። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ጠረጴዛ ላይ አውልቀው አስቀምጠዋል። ጀዊሪያ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ፍርድ ቤት የሚወስዳት መኪና ግቢው ውስጥ ሞተሩ እንደተነሣ ነው። ወይዘሮ ቡርቱካን፣ ሲላስና ኢዩ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተዋል። ጠረጴዛው ላይ ቴሌቪዥን፣ ከጎኑ የኢዩ ማጫወቻ።

«በጓጉንቸሩ እንጀምር» አለች ሐመልማል። «የሚከፈተው በቁልፍ ነው፤ የሚዘጋው ግን በጣት። ሳጅን ምስክሬ ነው። ስለዚህ በሩ መቆለፉ ጀዊሪያን ከማንም ለይቶ አይከስሳትም። ሁለተኛ፣ ገዳዩ ብር አልነካም። ብሎን ፈትቶ የድምፅ ቅጂዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ወሰደ። ድምፁን የፈለገ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ሲላስ በዚያ ሰዓት ደንብ አስከባሪ ቢሮ ነበር፤ በፊርማው።»

«ሻንጣዬንስ ይመልሱልኛል?» አለ ሲላስ።

«ዝም በል። የሚቀረው ኢዩ ነው። እሱ ግን ፊልም ሳይ ነበር ይላል፤ ፊልሙም እጁ ላይ ነው። ኢዩ፣ አሁን እንደ ትናንቱ አድርገህ አጫውትልን።»

ኢዩ ተነሣ። ዲስኩን ከተተ፣ ቁልፉን ተጫነ። ማጫወቻው ጥቂት ጊዜ ሲያጉረመርም ቆየና ማያው ሰማያዊ ሆነ። በመካከሉ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ኢዩ አውጥቶ መልሶ ከተተው። ያው መስመር።

«በመንገድ ላይ ተንገጫግጮ ነው» አለ።

ሐመልማል ከሲላስ ጃኬት አንድ ግልባጭ መዝዛ ከተተችው። ሙዚቃው ወዲያው ፈነዳ።

«ማጫወቻው ደህና ነው።»

«እንግዲያውስ ዲስኩ ተጭሮ ይሆናል።»

ሲላስ በሐመልማል ትእዛዝ ከሱቁ ያመጣውን የአቶ ይገዙን ማጫወቻ ከቦርሳው አውጥቶ ገጠመው። ዲስኩ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሰፊ፣ ጣሪያው መስታወት የሆነ ችሎት ታየ፤ ቀይ ካባ የለበሰች ሴት በመሐሉ ታልፋለች። እንዲህ ያለውን ችሎት ያየ ሰው ‹እንደ ማንኛውም› ብሎ አይገልጸውም።

ሐመልማል ዲስኩን ወደ ኢዩ ማጫወቻ መለሰችው። መስመሩ እንደገና ወጣ።

«ተርጉምልን እስቲ፤ ሙያህ ነው።»

ኢዩ ወደ ማያው ተጠጋ። ሲናገር ድምፁ ከወትሮው ሁሉ ጠርቶ ወጣ።

«‹ይህ ዲስክ እርስዎ ባሉበት አካባቢ እንዲታይ አልተፈቀደም።›»

ሳጅን አጥናፉ ከወንበሩ ተነሣ። «አንተ ነህ እንዴ?! ያ ሁሉ ፊልም... አንተ ነህ?»

«ቃሉን የተማረው ከኢንተርኔት ነው» አለች ሐመልማል። «የሚላከውን ፊልም ስም ቀድሞ ስላወቀ ንግግሩን አትሞ ለትርጉም አዘጋጅቶታል። ለዚህ ነው የነገረኝ ሁሉ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር ያልነበረበት። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ ወጣ። ከገደለ በኋላ አየሁት ለማለት ዲስኩን ወሰደ። እንደማናችንም ግልባጭ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ኦሪጅናል የሚለየው በዋጋውና በሽፋኑ ብቻ መስሎታል።»

ኢዩ መልሶ ተቀመጠ።

«ልገድላቸው አልሄድኩም» አለ። «ጩኸቱን የከፈትኩት መውጣቴን ወይዘሮ ቡርቱካን አውቀው ለጋሼ እንዳይነግሯቸው ነው፤ ሳይዘጋጁ ላገኛቸው ፈልጌ። ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ አገኘሁ፤ ‹ቀድሞ የሠራኸውን አምጣ› አሉኝ። ሽፋኑ ላይ ግን የሳቸው ስም ነው። ጥሬ ቅጂውን ወይም አንድ ወረቀት ስጡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሳቁ። ‹አንተ ከዚች ክፍል ውጭ አትከፈትም› አሉኝ። ከዚያ ቅጂዎቹን ማጥፋት ጀመሩ፤ እያየሁ፣ አንድ በአንድ። ስምንት ዓመት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ አየር እንኳ የለም። የተረፈውን ለማዳን ነበር... ሃርድ ዲስኩ ፍራሼ ውስጥ ነው።»

ኮማንደሩ ሰዓታቸውን አንሥተው አሰሩ፤ ወደ መስኮቱ ሄደው ለሾፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። የጀዊሪያን የመልቀቂያ ወረቀት ቆመው ፈረሙ።

ጀዊሪያ ወደ በሩ ስትሄድ ኢዩ ፊት ቆመች።

«ጀዊ፣ ይቅር በይኝ» አለ። «በአንቺ ላይ ይመጣል አላልኩም።»

«ጠዋት ከአጥሩ ሥር ቆመህ እናቴን ‹አይዞሽ› ስትላት በመስኮት አይቼሃለሁ» አለችው። «ልጄ ሲያለቅስ ነበር። ሰምተኸዋል። ድምፄ፣ ድምፄ ትላለህ፤ አንዲት ቃል እንኳ ስትፈለግብህ የት ነበር ድምፅህ?»



ሳጅን አጥናፉ ማንም ሳያዘው ሮጦ የውጭውን በር ከፈተ። ጀዊሪያ በእግሯ ትሂድ በሩጫ ሳትለይ ወጣች፤ ግንቡ ሥር የነበረው ልቅሶም ወዲያው ጸጥ አለ።