የሦስት ድመቶች ሰባት ቀን

የከብት ሐኪሙ እሱባለው ከሳሎናቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ማጅራታቸው ተሰንጥቆ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማቸው ወልቆ ተገኙ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት። የቆቦ ፀሐይ ከማለዳው ቆርቆሮውን ማንጣጣት ጀምራለች።

ኢንስፔክተር ፍሬዓለም ደፉ ላይ ስትቆም፣ ሦስት ድመቶች ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሆነው ጥርሳቸውን አውጥተው እፍ አሉባት። እሷም ድመት አትወድም። ገና ዓይን ለዓይን እንደተያዩ ተጠላሉ።

ሽታው ሰው አያስቆምም። ሬሳው ብቻ አይደለም የሚሸተው፤ ምንጣፉ ላይ የድመት ተቅማጥ፣ ከመስኮቱ ሥር የድመት ትውከት አለ። ትውከቱ ውስጥ ያልተፈጩ ቀያይ ፍሬዎች ይታያሉ።

«ዘነዘናው የተከራይዋ የሂባ ነው» አለ ኮንስታብል ይርጋ፣ ከሬሳው ጎን የወደቀውን እንጨት እየጠቆመ። «ሬሳውን አገኘሁ ብላ የጮኸችውም እሷ ናት። ማክሰኞ ዕለት ከሳቸው ጋር ስትጣላ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ራሱ ሰፈሩ ነው ይዞ ያስረከበን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ ወደ ወልድያ ትሄዳለች።»

«ልጅ የላትም?»

«አለቻት እንጂ፣ የአራት ዓመት ልጅ። ቆቦ ላይ ዘመድ የላቸውም። ለማን እንደምንሰጣት እንጃ።»

ፍሬዓለም ሰዓቷን አየች። እስከ ዘጠኝ ድረስ ሰባት ሰዓት ብቻ አላት።

«መቼ ሞቱ ተባለ?»

«የጤና ባለሙያው በዚህ ሙቀት ለይቼ መናገር አልችልም አለ። ግን አያ ፍቅሩ፣ እህል ነጋዴው ጎረቤታቸው፣ ትናንት ዓርብ አመሻሽ ላይ በሕይወት አይቷቸዋል። ሂባም የገባችው ዓርብ አመሻሽ ነው። ይኸው ነው ነገሩ።»

ፍሬዓለም ግን ወደ ድመቶቹ ሳህኖች ጎንበስ አለች። ሦስት ሳህን ነው፤ ሁለቱ ተበልተው ጎድለዋል። ሦስተኛው አልተነካም። ቀዩ ፍሬ እስከ ከንፈሩ ሞልቶ፣ ከላይ በመዳፍ የተላገ ይመስል ዝርግ ብሏል። ጓዳው ውስጥ የድመት ሥዕል ያለበት ጆንያ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከጓዳው በር ኋላ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ መደርደሪያ ላይ ሰባት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አራቱ ታጥበው ተደፍተዋል፤ ሦስቱ ሞልተው ተከድነዋል።

«ዘር ነው» አለ ይርጋ። «ሽምብራ ይመስለኛል። እኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ ነቀዝ እንዳይገባው ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቀን ነው የምናስቀምጠው።»

ፍሬዓለም አንዱን ከፍታ አሸተተች። ደረቅ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። መልሳ ከደነችው።

«ቤቱን ቆልፈው። ከአሁን በኋላ ዝንብም አትግባ።»

ውጭ አጥሩን የተደገፉት ሴቶች ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም።

«ለድመት ከአዲስ አበባ ምግብ የሚያስጭን ሰው መጨረሻው ይኸው ነው!»

«ዝም በይ አንቺ፣ ሬሳ ነው።»

«ሬሳስ ቢሆን! በዚያ በክፉው ዓመት እኛ ቆሎ ቆጥረን ስንበላ፣ እሳቸው ድመት ወፈረብኝ ብለው ሲጨነቁ ነበር!»

*

ፍቅሩ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ለአንዲት ሴት ማሽላ እየሰፈረ ነበር። ጣሳውን ሞላ፣ በመዳፉ ላገው፣ አራገፈው። ኢንስፔክተሯን አይቶ አልተነሣም።

«ገዳይዋን ይዛችሁ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?»

«ሐኪሙን መጨረሻ ያዩት እርስዎ ነዎት ተባለ።»

«ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ በአጥሩ በኩል። ‹ድመቶቼን አሁን አብልቼ ወጣሁ› አለኝ። ትንሽ ቆይታ ያቺ ሴት ከሚኒባስ ወርዳ ገባች። ጭቅጭቅ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ።»

«ገብተው አላዩም?»

«እኔ?» ሣቀ። ሣቁ ጥርሱ ላይ ቀረ። «በአጥር ከተካሰስን ወዲህ የዚያን ሽማግሌ ደፍ ከረገጥኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለም አላውቅ። እግዜር ይማረው፤ ሲሞትም ከድመት ጋር ሆነ።»

*

የሟቹ የእህት ልጅ ናትናኤል ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ያጥባል። ባልዲውን ሲደፋ ውሃው ጫማዋን ነካት። ይቅርታ አላለም።

«ቤቱ አሁን ያንተ ነው» አለችው።

«ታዲያ ቤት የወረሰ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው? አጎቴ ሦስት ድመቶች ነበሩት፤ እኔ አራተኛ ነበርኩ። ያውም እነሱ ሲጠግቡ።»

«መጨረሻ መቼ አገኘሃቸው?»

«ባለፈው እሑድ።»

«ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ደውለውልሃል። ስልካቸው ላይ አለ።»

ናትናኤል ጨርቁን ጨመቀ። ከጨመቀው በኋላም መጭመቁን አላቆመም።

«ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በባጃጅ ና አለኝ። ግብርና ጽሕፈት ቤት የማደርሰው የማሽላ ናሙና አለኝ አለ። መጣሁ። በሩን ብደበድበው ቁልፍ ነው። ድመቶቹ ከውስጥ እየየ ይላሉ፤ እሱ የለም። እንደ ልማዱ ሊያጉላላኝ ነው ብዬ ተሳድቤ ሄድኩ።»

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ለአንቺ? በሩ ላይ ቆሜ ነበር ብልሽ ሂባን ፈትተሽ እኔን አታስሪኝም?»

*

ሂባ ልጇ ኡሙሃኒን ጭኗ ላይ አስተኝታ ግድግዳ ተደግፋለች። የእጅ አንጓዋ ገመድ የፈገፈገው ቁስል አለበት።

«ምን ልትጠይቂኝ ነው? ፈርዳችሁ ጨርሳችኋል።»

«ማክሰኞ በምን ተጣላችሁ?»

«በድመት! ልጄ ወተት አጥታ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራለች፤ እሳቸው የድመቶቹን አዲስ ምግብ ጆንያ ታቅፈው በማጉያ መነፅር ያነባሉ። ሥጋው ስንት እጅ ነው፣ ቅባቱ ስንት እጅ ነው እያሉ። እዚያው ቆሜ ጮህኩባቸው። ወላሂ ተናድጄ ነበር። ግን በማግስቱ ጠዋት የልጄን ወተት ራሳቸው ይዘው መጡ።»

«ለምን ምግብ ቀየሩ?»

«ቤት ተዘግቶበት የሚውል ድመት አይሮጥም፤ በድሮው ምግብ ወፈሩ። አዲሱ ቅባቱ ትንሽ ነው አሉ፤ ቤት ለሚውል ድመት የተሠራ።»

«ታዲያ ለምን አይለቋቸውም ነበር?»

ሂባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«አራተኛዋ ድመት ባለፈው ወር ሞተችባቸው። ከአያ ፍቅሩ መጋዘን አይጥ ይዛ በልታ። ሆዷን ቀደው አዩ። የአይጥ መርዝ አይደለም፤ ለመዝሪያ በመድኃኒት የታሸ ቀይ ማሽላ ነው ያገኘሁት አሉ። ከዚያ ወዲህ በር ዘጉባቸው።»

«ጠርሙሶቹስ?»

«እሱን ማን ነገረሽ? ሰኞ ሲጀምሩ ሰባት ጠርሙስ ሞሉ። ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ለቀን አንድ። ‹ሂባ፣ የድመት ሆድ ለአዲስ ነገር ይደነግጣል፤ በአንዴ ከቀየርሽበት ይታወካል› ይላሉ። የድሮው ቡናማ ነው፣ አዲሱ ቀይ። ሰኞና ማክሰኞ ቀዩ ሩብ፣ ረቡዕና ሐሙስ ግማሽ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሦስት አራተኛ፣ እሑድ ቀይ ብቻ። በየማለዳው አንድ ይከፍታሉ፤ ባዶውን አጥበው ይደፋሉ። አርባ ዓመት ለከብት መድኃኒት መጥነው የሰጡ ሰው፣ ለድመትማ!»

«ቆቦ አልነበርሽም አይደል?»

«ረቡዕ ረፋድ ላይ ልጄን ይዤ ዋጃ ለቅሶ ሄድኩ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ተመለስኩ። የሳቸው በር ገርበብ ብሏል፤ ድመቶቹም አይሰሙም፤ ተኝተዋል ብዬ አለፍኩ። ጠዋት ግን ሽታው…» ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። «ዋጃ ላይ አርባ ሰው ያየኝ አለ። ማን ጠየቃቸው?»

*

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ፍሬዓለም ሁሉንም ሐኪሙ ግቢ ውስጥ ሰበሰበች። ናትናኤል ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ። ፍቅሩ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ሂባ ልጇን እንዳቀፈች በፖሊስ ታጅባ ስትገባ፣ ከአጥሩ ወዲያ «ነፍሰ ገዳይ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። መንገዱ ላይ የወልድያው መኪና ሞተሩን አላጠፋም።

«ቶሎ ጨርሺ» አለ ፍቅሩ። «ገበያ ትቼ ነው የመጣሁት።»

ፍሬዓለም በተፈጥሮዋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሰዎቹ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባቸው።

«ሐኪሙ ዓርብ አመሻሽ ላይ በሕይወት ነበሩ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ናትናኤል ግን ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ደብድቦ መልስ አጣ። ድመቶቹ ውስጥ በረሃብ ይጮሁ ነበር። ሐኪሙ ድመት አስርበው ያውቃሉ?»

«በእሱ ብቻ አይታማም» አለ ናትናኤል በመራራ ድምፅ። «ሰው ቢራብ ነው ግድ የማይሰጠው።»

«ስለዚህ ዓርብ ሲነጋ ሞተው ነበር። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ደውለዋል፤ የተገደሉት በዚያ መሐል ነው። ሂባ ረቡዕ ወጥታ ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው የተመለሰችው። ዋጃ ደውዬ ከለቅሶው ቤት አልተለየችም ብለውኛል። ዘነዘናዋ ግን በሯ ላይ ቆሞ ነበር፤ ማንም ያነሣዋል።»

ከአጥሩ ወዲያ ጩኸቱ ቀነሰ።

«አሁን ወደ ድመቶቹ። ዓርብ ጠዋት ሲጮሁ የነበሩት ድመቶች ሂባ አመሻሽ ላይ ስትገባ ዝም ብለዋል። ሳህናቸው ሞልቷል። የተቆለፈውን በር በሐኪሙ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሬሳው ካለበት ክፍል ገብቶ ያበላቸው ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ሞታቸውን ያውቃል፤ ግን አልጮኸም። ለምን? ሐኪሙ ሂባ እስክትመለስ ድረስ በሕይወት እንዳሉ እንዲመስል ስለፈለገ። ድመቶቹ ሲጮሁ ከዋሉ ጎረቤት በር ይሰብራል።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው» አለ ፍቅሩ። «ራሱ አብልቷቸው ይሆናል። ዓርብ አመሻሽ ላይ አብልቼ ወጣሁ አለኝ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል። ግን ያበላው ሰው ከአዲሱ ጆንያ ቀዩን ብቻ ዝቆ ነው የሰጣቸው። ድመቶቹ ሆዳቸው ተገለበጠ። ሐኪሙ ይህን አያደርጉትም፤ እሑድ ሳይደርስ ቀዩን ብቻ አይሰጡም። የዓርብን ምግብ በልክ አዘጋጅተው ነበር፤ በጠርሙስ። እስካሁን እንደተከደነ አለ።»

ፍቅሩ ጭኑን መትቶ ሣቀ። ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ስሙልኝ! ዘር ከድመት ምግብ የማትለይ ሴት ናት እንግዲህ ሰው የምትመረምረው! ኧረ ሴትዮ፣ እዚያ ከመጋረጃው ኋላ የተደረደረው ሽምብራ ነው፣ ዘር! ሠላሳ ዓመት እህል ስነግድ ሽምብራ ይጠፋኛል?»

ሣቁን የተከተለው ሰው አልነበረም። ናትናኤል ቀስ ብሎ ከግድግዳው ተነሣ።

«የት ሆነው አዩት?» አለች ፍሬዓለም።

«ምኑን?»

«መጋረጃውን። እኔ ጠርሙስ አልኩ እንጂ መጋረጃ አላልኩም። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ተቆልፏል፤ ከፖሊስ በቀር የገባ የለም። እርስዎ ደግሞ ደፉን ከረገጡ ሦስት ዓመትዎ ነው። እነዚያን ጠርሙሶች ሐኪሙ የሞሏቸው የዛሬ አምስት ቀን፣ ሰኞ ዕለት ነው።»

ፍቅሩ ወደ ደጁ ዞሮ አየ።

«የድመቶቹ ምግብ በልኩ ተዘጋጅቶ ዓይንዎ ሥር ነበር፤ ግን የዚህ አገር ሰው ጠርሙስ ውስጥ የተጠቀጠቀ ፍሬ ሲያይ ዘር ነው ይላል፤ የእኔም ኮንስታብል እንዲሁ ነበር ያለው። ሥዕል ያለበትን ጆንያ አዩና ከዚያ ሰፈሩላቸው። ሲሰፍሩ ደግሞ እጅዎ እንደለመደው ሳህኑን በመዳፍ ላጉት። ያልተበላው ሳህን እስካሁን ዝርግ ነው።»

«ድመት… ለድመት ብሎ…» ፍቅሩ ተነሣ። ወንበሩ ወደቀ።

«ለሰው ብለው ነው» አለች። «እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ሳሉ ይርጋ ከግብርና ባለሙያ ጋር መጋዘንዎን ከፍቶ ነው አሁን የመጣው። በመድኃኒት የታሸ የመዝሪያ ማሽላ ከሚበላው ጋር ቀላቅለው እየሸጡ ነው። ሐኪሙ ድመቷ ሆድ ውስጥ አገኙት፤ ናሙናውን ዓርብ ሊያደርሱት ነበር። ናሙናው ቤታቸው የለም።»

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት «እኔ ትናንት ከዚያ ነው ያስፈጨሁት!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ወደ ቤቷ መሮጥ ጀመረች።

«ሐሙስ በአጥሩ ላይ ሆኖ ነገ አጋልጥሃለሁ አለኝ!» ፍቅሩ ፊቱ ጠቆረ። «እኔን! አገር ያበላሁትን! ለምኜዋለሁ፣ በእግዜር ለምኜዋለሁ። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ይርጋ እጁን ይዞ አሰረው። ሁለት ፖሊሶች ይርጋን አገዙ፤ ናትናኤልም ዘሎ ፍቅሩን ያዘው። ገፍተው አወጡት፤ ሂባን ይጠብቅ የነበረው መኪና እሱን ጭኖ ተነሣ።

*

ሕዝቡ ወዲያው አልተበተነም። ጠዋት ሂባን ጎትተው ካስረከቡት አንዷ ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጣች።

«ሂባዬ፣ እህቴ፣ ሰው ይሳሳታል…»

ሂባ ብርጭቆውን አልተቀበለችም። ኡሙሃኒን አዝላ ወደ ፍሬዓለም ሄደች።

«ነፃ ነሽ» አለቻት ፍሬዓለም።

«ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለአንቺ።»

«እኔማ አውቄዋለሁ። ነፍሰ ገዳይ ሲሉኝ ከገበያው እስከ አስፋልቱ እየጮሁ ነው። ነፃ ናት ለማለት ጆሮዬ ሥር መንሾካሾክ የለም። ልጄ በዚህ ሰፈር ልታድግ ነው።»

ፍሬዓለም በሃያ ስምንት ዓመቷ ሰው መሐል ጮኻ አታውቅም። አስፋልቱ ዳር ወጣች። ባጃጆች ቆሙ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህዮቻቸውን ያዙ። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሂባ ሰው አልገደለችም!»

ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አንዳንዱ መሬት አየ፤ ውሃ የያዘችው ሴት ብርጭቆዋን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

ሂባ ከኋላዋ ቆማለች፣ ልጇ በጀርባዋ።

«ድገሚው» አለቻት።