ዘርፍ የሌለው ሥራ

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፤ የሐይቅ ከተማ ባጃጆች ከሳዑዲ ምድር የተባረሩትን ወገኖች ሻንጣ ገና አውርደው ሳይጨርሱ፤ የአምባሰሏ ሱረያ ከከተማዋ የሥራ ፈጠራ ሹም ከአቶ አንዳርጋቸው ፊት ቀረበች። ሪያድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጋ የያዘች አሮጊት ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ ኖራለች፤ ሌላ ሙያ የላትም። የምትለምነው አንዲት ክፍል ነው፤ ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸውን አዛውንት ልትጦርበት፤ ልጆቹም ከሚልኩት ሊከፍሏት። ክፍሏ ከተገኘች ታናሽ እህቷ ሂዳያ አብራት ትሠራለች፤ ካልተገኘች ደላላው ሂዳያን በባሕር ሊያሻግራት ቀን ቆርጧል።

ሹሙ የዘመኑን ማዕረግ ሁሉ የተጎናጸፉ ሰው ነበሩ፤ ባጅ በደረታቸው፣ ማኅተም በመሳቢያቸው፣ ሁለት ስልክ በጠረጴዛቸው።

«በየትኛው ዘርፍ ነው የምትደራጂ?»

«አሮጊት በማጠብ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እሱ ዘርፍ የለውም። ግብርና አለ፣ ማምረቻ አለ፣ ኮብልስቶን አለ።»

«አገልግሎት የሚባለውስ?»

«አገልግሎት ማለት ጸጉር ቤት ነው፤ ካፌ ነው።»

«ወላሂ፣ ሪያድ ደመወዝ ነበረው!»

«እነሱማ ነዳጅ አላቸው! እዚህ እናቱን በብር የሚያሳጥብ ማን አለ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ሱረያ ሻሿን አስተካክላ ስትነሳ፣ ሹሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚማ የኔ እህት፤ እማዬ አልጋ ላይ ናት። እህቴ ስህን ቤሩት ከሄደች ወዲህ የሚያገላብጣት ጠፋ። አልፎ አልፎ ብቅ ብትይላት… ምርቃቷ እኮ ቀላል አይደለም።»

«ምርቃቱስ በየትኛው ዘርፍ ይመዘገብልኛል?» አለችና ወጣች።

ሂዳያ በመጋቢት ሄደች። በግንቦት የሹሙ እናት የወይዘሮ ተሻለች ጀርባ መቁሰሉ በሰፈሩ ሲወራ፣ ሱረያ እልኋን ዋጥ አድርጋ ሄደች፤ ደጋግማም ሄደች። አንድ ጠዋት አሮጊቷን ስታጥብ ስልኳ ጮኸ።

«እታለም፣ ሳዑዲ ደርሻለሁ» አለች ሂዳያ። «አሮጊት ነው የሰጡኝ፤ ትከብዳለች። ካመማት ማዳሟ ትመታኛለች። እንዴት ነው የምትገለበጠው?»

«አብሽሪ፤ አታልቅሺ። ጉልበቷን እጠፊ። ትከሻዋን ይዘሽ ወደ ራስሽ ሳቢያት፤ ቀስ ብለሽ። አሁን ትራሱን ከጀርባዋ።»

ይህን ስትል እጇ ወይዘሮ ተሻለችን እንደዚያው ያዞር ነበር። አሮጊቷ ነገሩ ለእርሳቸው የተነገረ መስሏቸው፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ እጅሽን አይንሳን» አሉ።

ሂዳያ ሁለተኛ አልደወለችም።

በዓመቱ መጨረሻ የየዘርፉ ዕድገት ተነገረ፤ የዓለም ሊቃውንትም አገሮችን በሀብት ሲደረድሩ ሳዑዲን ከላይ፣ እኛን ከታች አኖሩ። ልኬታቸው ስሕተት አልነበረበትም፤ ድህነታችንም ሐሰት አይደለም። ብቻ ያችኛዋ፣ የሪያዷ አሮጊት የታጠበችበት ደመወዝ ነበረውና ከሀብት ገባ፤ ወይዘሮ ተሻለች የታጠቡበት ከምንም አልገባም፤ ሂዳያ ደግሞ በባሕር የገባች ናትና በሁለቱም አገር አልተጻፈችም።