የአውራ ጣት ቀለበት

ፌንጣ አውራ ጣቱን ወደ ቀለበቷ ሊያስገባ ሞከረና ሳታት። ደገመ፤ አሁንም ሳታት።

የእጅ መጠቅለያው ጨርቅ ጫፉ ላይ አውራ ጣት የሚገባባት ትንሽ ቀለበት አለችው። «ፌንጣ» የሚሉት ይህ ልጅ ቡጢ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እያወራም አይስታትም። ከሳምንት በፊት በልምምድ ላይ ግራ ዓይኑን ከተመታ ወዲህ ግን ጥቁር ነገር ከጎን እየመጣ ይጋርደዋል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከተናገረ የዛሬው የመልስ ግጥሚያ ይቀርበታል።

ባለፈው ዓመት ፌንጣን በአንድ ነጥብ ያሸነፈው «በሬው» የሚሉት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ክለብ የመጣ አንገተ ወፍራም ልጅ። የመልበሻ ክፍሉ አንድ ስለሆነ አሁን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለ በሬው።

«እንዴት አድርጌ እንደምዘርርህ እያሰብኩ ነው።»

«መጀመሪያ ጣትህን ፈልግ።»

ወዲያው ግን ሳቁን ተወና በፌንጣ ግራ በኩል እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። «ስንት ነው?»

«ምኑ ነው ስንት?» አለ ፌንጣ።

በሬው እጁን አወረደ። ተነስቶ ወጣና ጓንቱን ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አኖረ። «ዓይኑን ሐኪም ሳያየው አልገጥመውም» አለ በዝግታ። አዳራሹ ያየው ጓንቱን ብቻ ነበር። «ፈራ» ተባለ።

«አሳባቂ» አለው ፌንጣ ሲያልፍ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዓይኑን አይታ ወደ እናቱ ዞረች። «አንድ ቡጢ ቢጨመርበት ኖሮ ይጠፋ ነበር። ይታከማል፤ ቡጢ ግን ከእንግዲህ የለም።»

እናቱ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ደግሞ አለቀሰች። በመጨረሻ «ያን ልጅ የወለደች ትባረክ» አለች።

ከወር በኋላ ፌንጣ ዓይኑ እንደተሸፈነ ወደ ክለቡ ሄደ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፌንጣ፦ በፎርፌ አሸናፊ» ተብሎ ተጽፏል።

«በሬው እኮ አንተን ሲያይ እግሬ አውጪኝ አለ» ብሎ አንዱ ልጅ ሲቀልድ ሁሉም ሳቁ። አሰልጣኙ እንኳን ፈገግ አለ።

ፌንጣ አብሮ ለመሳቅ ከንፈሩን አላቀቀ። ሳቁ አልመጣለትም። ወደ ሰሌዳው ሄዶ ጽሑፉን በእጅጌው ጠረገው።

«የፈራሁት እኔ ነኝ» አለ ጀርባውን እንደሰጣቸው። «ግጥሚያው እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ዓይኔን ደበቅኩ። እሱ አይቶ አተረፈልኝ።»

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ ድልድዩንም ተሻገረ።

በማዶው ክለብ በሬው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ለልምምድ እጁን የሚጠቀልልበትን ጨርቅ እየዘረጋ ነበር። ቀና ብሎ አየው።

«ሰዎችህ ፈሪ ብለውኛል አሉ።»

«ዛሬ ነገርኳቸው።»

«ለመግጠም ከሆነ የመጣኸው...»

«እሱ ቀርቷል። እጅህን አምጣ።»

ፌንጣ ፊቱ ተንበረከከና ቀለበቷን በጣቱ ዳሰሰ። በመጀመሪያው ሙከራ በበሬው አውራ ጣት ላይ ገባች።