የሚያለቅሰው ፊት በዘጠኝ ሰዓት ከአሥር

ዶን ካሲሚሮ ኦቬላር ማክሰኞ ሞቶ ሲገኝ ዐይኖቹ ስክሪኑ ላይ እንደተተከሉ ነበሩ። ተረሬ የሚባለው ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ የሚጠጣበት የቀንድ ዋንጫ ከነብረት መምጠጫው ተደፍቶ፣ እርጥቡ ቅጠል ወረቀቶቹ ላይ ተበትኗል። ስክሪኑ ላይ አንድ ቢጫ ፊት ያለቅሳል። ከሥሩ «ኤውሎሂያ ፓኒያጓ፣ 9፡10፣ በጣም አላረካኝም» የሚል ጽሑፍ አለ። ኤውሎሂያ ፓኒያጓ ደግሞ ከተቀበረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

የሉኬ ከተማ ሰው ወሬ ሲያገኝ ምሳውን ይተዋል፤ እኔም የሉኬ ሰው ነኝና አልፈርድበትም። ሬሳው ሳይነሳ «ሟቿ መጥታ ወሰደችው» ተባለ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። የካሲሚሮ ድርጅት ለቤት ውስጥ ሕሙማን የኦክስጅን ሲሊንደር ያደርሳል፤ ደንበኞቹ በድረ ገጹ ቻት ያዛሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ድረ ገጹ ላይ አገልግሎቱ ምን ያህል እንዳረካቸው የምትጠይቅ ትንሽ መስኮት ተጨመረች። አምስት ፊቶች አሏት፤ አንደኛው ያለቅሳል፣ አምስተኛው ይስቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ በሟቿ ስም የሚያለቅሰው ፊት ይመጣል። ኤውሎሂያ ሲሊንደር እየጠበቀች የመጨረሻ መልእክቷን የጻፈችበት ሰዓት ነው።

ኢንስፔክተር ዙኒልዳ ካባኛስ ደረጃውን እያነከሰች ወጣች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ፎቅ ላይ የሚሞት ሰው ደስ አይላትም። ሐኪሙ «ልብ ነው፤ የልብ ሕመምተኛ ነበር» አላት። እሷ ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደች። ለተረሬው ቀዝቃዛ ውሃ መድኃኒት ቅጠል የሚወቀጥበት ትንሽ ሙቀጫ እርጥብ ሆኖ ተደፍቷል። አንስታ አሸተተችው።

«ይሄን ማነው በሳሙና ያጠበው?»

በሩ ላይ የቆመችው ሱልማ ፍሬቴስ ናት፤ ቻቱ ላይ ለደንበኞች መልስ የምትሰጠው፣ ሬሳውንም ያገኘችው የሃያ አራት ዓመት ሴት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሙቀጫውን? እሱን ሳሙና የሚያስነካው የለም እኮ። ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። በጨርቅ ነው የምንጠርገው።»

«ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«በዚህ አገር ይህን የማያውቅ አለ?»

ኢንስፔክተሯ ሙቀጫውን በላስቲክ ጠቅልላ ያዘችው፤ የተረሬውንም ውሃ ለምርመራ ላከችው። ከዚያ ሱልማን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«እማማ ኤውሎሂያን ታውቂያት ነበር?»

«በጽሑፍ ብቻ። ቀልደኛ ነበረች፤ 'ሳንባዬ እንደ ድሮ ባቡር ነው' ትለኝ ነበር።» ሱልማ እጆቿን ጭኗ ላይ ጨመቀች። «የዛን ቀን አራት ጊዜ ጠየቀችኝ። አራት ጊዜ 'መንገድ ላይ ነው' አልኳት።»

«ነበር?»

«አልነበረም።»

«ማን ነው እንዲያ በያት ያለሽ?»

«ታዝዤ ነው። ስም ብጠራ ማን ያምነኛል? የጻፈው የኔ እጅ ነው።» ድምፅዋ ወረደ። «ጋሼ ካሲሚሮ ትናንት ሰኞ የቻቱን ንግግር አነበቡት፤ ጠየቁኝ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። አሁን ግን ሴትየዋ እሳቸውን ወስዳ ወደኔ ልትዞር ነው።»

ይህች ልጅ መንፈሱን ከልቧ ፈርታለች። እስር ቤቱ ግን ከመንፈሱ ይልቅ ቅርብ ነበር፤ እሷ አላወቀችም እንጂ።

ቅርብ ያደረገችው ኒሚያ ኦቬላር ናት፤ የሟቹ ታናሽ እህት፣ የመጋዘኑና የማድረሱ ኃላፊ። መጋዘኗ ከወንድሟ ክፍል ጋር በኋላ በር ይገናኛል። ዐይኗን በመሐረብ እያበሰች ተናገረች።

«ውሃውን ያዘጋጀችው ልጅቷ ናት። ድሮ ቅጠሉን የምወቅጥለት እኔ ነበርኩ፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ። ዛሬ ግን ሥራ በዛብኝና እሷን አዘዝኳት። ሴትየዋ ከሞተች ወዲህ ደህና አይደለችም እኮ፤ ብቻዋን ታወራለች።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ቻት ላይ። ካፒያታ ያለች ደንበኛ ሲሊንደሯ አልከፈት ብሏት። ይኸው፣ ሰዓቱ ሳይቀር አለ።»

ቻቱ የታተመበትን ወረቀት ዘረጋችላት። ኢንስፔክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደንበኛዋ ችግሯን ትናገራለች፤ ኒሚያ መክፈቻውን ወደ ግራ እንድታዞር ትነግራታለች፤ ደንበኛዋ «እሺ እትዬ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። ከዚያ ስለ ቱቦው፣ ስለ መለኪያው፣ ዘጠኝ መስመር ይቀጥላል። መጨረሻው ላይ የሚስቀው ፊት አለ።

«ትዕግሥተኛ ነዎት» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ እየከተተች።

መስኮቷን የሠራው ፕሮግራመሩ ዴርሊስ ባኤስ ማክሰኞ ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሌላ ደንበኛ ዘንድ ስለነበረ ያገኘችው ረቡዕ ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። በዕድሜ ታናሽ እሱ ስለሆነ ተረሬውን የሚቀዳው እሱ ነው። እሷ አንድ ጠጣች፣ ሁለት ጠጣች፤ ዋንጫውን ስትመልስለት «አመሰግናለሁ» አለች፤ በተረሬ ወግ ይህ «በቃኝ» ማለት ነው። ዴርሊስ ምንም ሳይጠይቃት ቴርሞሱን ወደራሱ ሳበ።

«አዩ፣ መስኮቷም እንደዚህ ናት» አለ። «ጋሼ ናቸው ያሉኝ። 'አመሰግናለሁ ያላለ ሰው ገና አልጠገበም፤ ደጋግመህ ጠይቀው' አሉኝ። ስለዚህ ሳያመሰግን የቀረን ደንበኛ መስኮቷ በየቀኑ ትጠይቀዋለች፣ መጨረሻ በጻፈበት ሰዓት። ፊት ቢጫንም ንግግሩ አይዘጋም።»

«ያመሰገነስ?»

«መጀመሪያ እሱንም ትጠይቀው ነበር። ሰው ተማረረ፤ 'አመስግነን ሄደን ምን ትነዘንዙናላችሁ' አሉን። ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ አስተካከልኩት። 'አመሰግናለሁ' ሲል ፊቶቹ ይመጡለታል፣ ቻቱ እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ እሱም እኛም አንዲት ፊደል መጨመር አንችልም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ጋሼና ሱልማ አጠገቤ ነበሩ።»

«በቻት ሳይሆን በስልክ የሚያዝ ሰውስ?»

«እሱን በኋላ በእጃችን እናስገባዋለን፤ ሰዓቱንም ራሳችን እንጽፋለን።»

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ጉልበቷን አሸች። የዚያኑ ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ አሬጉአ ወረደች፤ እዚያ ምን እንዳደረገች ለማንም አልተናገረችም።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ስክሪኑ በርቷል። ኒሚያ ጥቁር ለብሳለች፤ ሱልማ ወንበሯን ከስክሪኑ አርቃ ተቀመጠች።

«ውጤቱ መጣ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ውሃው ውስጥ በየአጥሩ የሚተከለው መርዛማ አበባ ቅጠል ነበረበት፤ የልብ ሕመምተኛ አይችለውም። ይህን ሳልሰማም ሙቀጫው ነግሮኛል። በዚህ ቤት ሳሙና የማይነካውን ዕቃ በሳሙና ያጠበ ሰው፣ ውስጡ የነበረው እንዳይገኝበት ነው።»

«እኔ አይደለሁም» አለች ሱልማ።

«አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ስሚኝ።» ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። «ይህ ንግግር ማክሰኞ ከስምንት ሰዓት በኋላ የተደረገ ነው ይላል። ደንበኛዋ ሦስተኛው መስመር ላይ አመሰገነች። ዴርሊስ፣ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል?»

ዴርሊስ ወረቀቱን አይቶ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ይቆለፋል። ይሄ... ይሄ ሊኖር አይችልም።»

«በእጅ ካልገባ በቀር። ይህን የጻፈው ሰው ከሰባት ሰዓት ወዲህ መስኮቷ እንደተለወጠች አላወቀም። ሱልማ ታውቃለች፣ አንተ ታውቃለህ። ስምንት ሰዓት ላይ የገባው ሰው ብቻ አያውቅም።»

«ስህተት ይሆናላ፤ ማሽን አይደል?» አለች ኒሚያ።

«ማሽኑ አልተሳሳተም፣ እትዬ ኒሚያ። ወንድምዎ የመረረ ውሃ ለምን ጠጣ? ከሌላ እጅ ቢሆን ይተፋው ነበር። የእርስዎን ቅጠል ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳይጠይቅ ነው የሚጠጣው። ሰኞ ደግሞ ሱልማ 'መንገድ ላይ ነው በያት' ያላትን ሰው ስም ነግራዋለች። የኤውሎሂያ ሲሊንደር ለማን ሄደ?»

ኒሚያ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ስክሪኑ ድምፅ አሰማ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነበር። የሚያለቅሰው ፊት ብቅ አለ፣ ከሥሩ ያው ስም።

ሱልማ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ኒሚያ ግን ዐይኗን መንቀል አቃታት፤ መሐረቧ ከእጇ ወደቀ።

«አስቁሙልኝ» አለች። «ሲሊንደሩን ለአንድ የምክር ቤት አባል እናት ሰጠሁት። ለክፉ ቀን ቤታቸው እንዲቀመጥ ብቻ ነው የፈለጉት። ኤውሎሂያ ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም። ካሲሚሮ 'ነገ ባሏ ፊት ቆመሽ ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ጋ እንሄዳለን' አለኝ። ለመንኩት። እንቢ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ 'ቅጠል ውቀጪልኝ' አለኝ። እንደ ድሮው።»

ዴርሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር። ደጅ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ኒሚያን ይዘዋት ወረዱ።

«እማማ ኤውሎሂያስ?» አለች ሱልማ፣ እጇን ከፊቷ ሳታነሳ።

«ትናንት አሬጉአ፣ ቤቷ ነበርኩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ታብሌቷ አልጋዋ አጠገብ እንዳለ ነው። አመሰግናለሁ ብላ ስላልጨረሰች መስኮቷ በየቀኑ ትጠይቃታለች። ባሏ ጋሽ አናስታሲዮ ሰዓቱን ጠብቆ ይቀመጣል። ምን አለኝ መሰለሽ? 'በየቀኑ ይጠይቋታል፤ እሷ ስለማትችል እኔ እመልስላታለሁ።'»

ዴርሊስ ዐይኑን ጠርጎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ቻቱን እኔ ከዚህ ልዝጋው?»

«ለሽማግሌው እስካሁን ማን መለሰለት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ማንም እንዳልመለሰለት ሦስቱም ያውቃሉ። ሱልማ ተነሳች። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ጎትታ ተቀመጠችና፣ እየደመሰሰች፣ እንደገና እየጀመረች ጻፈች። «ጋሽ አናስታሲዮ፣ ሱልማ እባላለሁ። የዛን ቀን ሲሊንደሩ መንገድ ላይ አልነበረም። እያወቅኩ ዋሽቻታለሁ።»

ላከችው። ከዛ ሽማግሌው በአንድ ጣት እየጻፈ መሆኑ ታየ።

«መጨረሻ ላይ ትስቅ ነበር። 'ልጅቷ መንገድ ላይ ነው ብላኛለች' አለችኝ። አምናሽ ነበር።»

ሱልማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አንድ ቃል መጣ።

«አመሰግናለሁ።»

አምስቱ ፊቶች ተደረደሩ። ሽማግሌው አንዱንም አልነካም። ቻቱ ተቆለፈ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ሱልማ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። የሚያለቅሰው ፊት አልመጣም። እሷ እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀችው።