ልምጩና ጠመኔው

«ድገም!»

የዘካርያስ ልምጭ የሞላ መዳፍ ላይ አረፈ። ሞላ ከንፈሩን ነከሰ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር የተቀመጡት የቡድኑ ልጆች አንገታቸውን ደፉ።

ዘካርያስ ንፋስ መውጫ መጥቶ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ቤተ ልሔም ደብር የቆሎ ተማሪ ነበር። ግዕዙን የዋጠው በጩኸትና በልምጭ ነው። የኔታ ያሰማሉ፣ ተማሪው ጮክ ብሎ ይቀበላል፤ የሳተ ልምጭ ይቀምሳል። እንግሊዝኛውንም በዚያው መንገድ፣ እንደ ዜማ እየጮኸ ያዘው። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ቲቸር አወቀ የቡድን መሪ ሲያደርጉት ታዲያ ራሱ የኔታን የሆነ መሰለው፤ ጉድ እኮ ነው!

ነገ እያንዳንዱ ተማሪ ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ አገሩ በእንግሊዝኛ ይናገራል። አንዱ ዝም ካለ የቡድኑ ሁሉ ውጤት ዜሮ ነው። ሞላ ደግሞ ሰው ፊት አፉ አይፈታም። ሲጽፍ ግን ብዕሩ ወለም ዘለም አይልም።

«ድገም አልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ልምጩ ተስፈንጥሮ የሞላን ቅንድብ ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያ ዝምተኛ ልጅ ዘሎ ዘካርያስን አነቀውና መሬት ላይ ጣለው፤ ደረቱ ላይ ወጥቶ አፍ አፉን በቡጢ ነረተው። ከዚያ እጁ ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩ ከፊቱ በላይ ሲነሣ ዘካርያስ የምር ሞቱን አየ። ከቡድኑ ልጆች አንዷ፣ ፍቅርተ፣ ዘላ የሞላ ክንድ ላይ ተጠመጠመች።

ሞላ ድንጋዩን ጣለው። «አንተ ስትጮህ ይገባሃል» አለ እያለከለከ። «እኔ ሲጮሁብኝ የማውቀውም ይጠፋኛል።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ ዘካርያስም ቤቱ ገብቶ «ሊገድለኝ ነበር» እያለ ሲያማርር አመሸ። በማግስቱ ግን ቲቸር አወቀ ቅንድብህን ምን ሆንክ ብለው ሲጠይቁት ሞላ ወድቄ ነው አላቸው። ዘካርያስ ያን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የሞላ ተራ ደረሰ። ወጥቶ ቆመ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። ቲቸር አወቀ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባቸውም። መግረፊያ ጎማቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው እጅህን ዘርጋ አሉት። ሞላ ትናንት የተላጠውን መዳፉን ዘረጋ።

ዘካርያስ ከወንበሩ ተነሣ። ሄዶ ሁለት እጆቹን ከሞላ መዳፍ በላይ ዘረጋ።

«አልወደቀም ቲቸር። የመታሁት እኔ ነኝ። እኔን ይምቱኝና ለሱ ጠመኔ ይስጡት።»

ቲቸር አወቀ ሁለቱንም አፈራርቀው አዩ። ለሞላ ጠመኔ ሰጡትና ወደ ዘካርያስ ዞሩ። ጎማው ሲያርፍ መዳፉ ነደደ። ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛውን ሲጠብቅ፣ ከጀርባው ጠመኔው ሰሌዳው ላይ መሮጥ ጀመረ፤ አንዴም ሳያቋርጥ።

ዘካርያስ እጁን አልሰበሰበም።