ሪፒተሩን ማን አፈነው?

የልብስ ሰፊው ሚስት አስም ተነስቶባት ስትሞት አምቡላንሱ ከቤቷ ሁለት መንገድ ብቻ ርቆ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ጥሪ ይጠብቃል፤ የጥሪ ክፍል ሠራተኛዋም ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ትጣራለች። መስመሩን ግን አንድ ጉርምርምታ ሞልቶት ስለነበር አንዱ ሌላውን መስማት አልቻለም።

መርማሪዋ ሰኞ ጠዋት ጥሪ ክፍሉ የገባችው እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነው። ዕድሜዋን በሬዲዮ ሥራ የፈጀች ሴት ናት። ኮረብታው ላይ ያለውን ሪፒተር፣ ማለትም የመኪኖቹን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ ለሁሉም የሚያሰራጨውን መሣሪያ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቁት ሽማግሌ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። መስመሩን አፍነዋል ተብለው ቀትር ላይ ለፖሊስ ሊሰጡ ነው።

«ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» አለች።

የአምቡላንስ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ደረቱን ነፋ። «ጉርምርምታው ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር። ቴክኒሻኑ በአቅጣጫ አንቴና ሲፈልገው፣ በየትም ቢዞር ወደ ኮረብታው ነው የሚጠቁመው። ሐሙስ ጠዋት ሴትዮዋ ሞተች። ዓርብ በሬዲዮ አስታውቄ እኚህን ሰው አገድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጸጥ! ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ልጄ፣ እኔ የበሩን ቁልፍ እንጂ መሣሪያውን ነክቼ አላውቅም» አሉ ጠባቂው።

መርማሪዋ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «የቃኘኸው ሪፒተሩ የሚያሰራጭበትን ሞገድ ነው ወይስ የሚቀበልበትን?»

«የሚያሰራጭበትን። ሁላችንም የምንሰማው እሱን አይደል?»

ከንፈሯን ነከሰች። «ድምፁስ ምን ይመስል ነበር?»

«ሞተር ሞተር ይላል» አለች የጥሪ ሠራተኛዋ። «አንዳንዴ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ያቆማል። የአራቱም አምቡላንስ ሾፌሮች ተማርረው ነበር።»

«የእርስዎ መኪናስ ሬዲዮ የለውም?» አለች ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ።

«አለው፤ ግን አንድም ቀን አላስቸገረኝም» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ንጽሕናውን ያሳየ መስሎት። «ሐሙስም ከቤቴ እስከዚህ ጭጭ ብሎ ነው ያመጣኝ።»

መርማሪዋ ወደ ግቢው ወረደች። በሥራ አስኪያጁ መኪና ውስጥ የሬዲዮው መነጋገሪያ ገና ቀለሙ ያልተነካ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ የተሰበረው የአሮጌው ጉቶ አለ። የግቢውን መካኒክ ለብቻው አነጋገረችውና ይዛው ተመለሰች። ልብስ ሰፊውም ተጠርቶ መጣ።

«ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው» አለች። «የሚያሰራጭበትን ሞገድ የተከተለ ሰው፣ ማንም ይናገር ማን፣ መድረሻው ኮረብታው ነው። አስተጋቢውን ይዛችሁ ጯሂውን ለቀቃችሁ!»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ።

«ቀጭ ቀጭ የሚለው የመኪና ፍሬቻ ነው። የሪፒተሩ ማማ ደግሞ ፍሬቻ የለውም። ጯሂው መኪና ውስጥ ነበር ማለት ነው። የማን? እነዚህ ሬዲዮዎች የመናገሪያ ቁልፋቸው ተጭኖ ሳለ መስማት አይችሉም። አራት ሾፌሮች ሲማረሩ አንድ ሬዲዮ ብቻ ጭጭ ያለው፣ ሲጮህ የነበረው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ሬዲዮ። ጠዋትና ምሳ ሰዓትም ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለሱበት ሰዓት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አመድ መሰለ። «ማንጠልጠያው ተሰብሮ... መነጋገሪያውን መቀመጫው ጎን ሸጎጥኩት... ቁልፉ መጫኑን አላወቅኩም!»

«እስከ ሐሙስ አላወቁም፤ አምናለሁ። መካኒክ፣ ማንጠልጠያውን መቼ ሠራኸው?»

«ዓርብ ማለዳ» አለ መካኒኩ ዓይኑን ሰብሮ። «"ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" አሉኝ።»

«ማለዳ ጥፋትዎን አስጠገኑ፤ ከዚያ እኚህን ሽማግሌ አገዱ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! መርሳት የሰው ነው። ይሄ ግን ክፋት ነው። ያገዷቸው በሬዲዮ፣ ሁሉም እየሰማ ነው አይደል? በዚያው በሬዲዮ ይንገሩልኝ። ፖሊስ ሲመጣም እርስዎ ያነጋግሩታል።»

የሥራ አስኪያጁ አውራ ጣት ሁለት ጊዜ ከቁልፉ ላይ አዳለጠው። በሦስተኛው «ጥፋቱ... የእኔ ነው። የማማው ጠባቂ ንጹሕ ናቸው» አለ። አራቱም ሾፌሮች በየተራ «ተሰምቷል» ብለው መለሱ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«እኔማ በሕይወት አለሁ» አሉት ጠባቂው፣ ወደ ልብስ ሰፊው እያመለከቱ። «እሱን ጠይቀው።»

ልብስ ሰፊው ግን እስኪጠየቅ አልጠበቀም፤ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ወጣ።